ሎጎ ወይስ ማስኮት? ለኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት መልክ ስለመምረጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲለውጠው የተለቀቀው ኮድ ይሠራል። መግለጫ ፋይሉ፣ ሪድሚው፣ ተጽፏል። ከዚያ አንዱ የቡድኑ አባል «ሎጎ እኮ የለንም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ለምን እንደ ሊኑክስ አንድ እንስሳ አንይዝም?» ይላል፤ ፔንግዊን የያዘውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማለቱ ነው። ክርክሩ እዚያ ይጀምራል። እኔም ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንዲት ትንሽ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙባት የኮድ ስብስብ) ስንሠራ በዚሁ ጉዳይ ሳምንታት ፈጅተናል። ከዚያ ወዲህ ፕሮጀክት የሚጀምሩ ልጆች ይህንኑ ደጋግመው ስለጠየቁኝ መልሶቹን አንድ ላይ አስቀመጥኳቸው። ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በሎጎና በማስኮት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

ሎጎ ማኅተም ነው። አገራችን ውስጥ ደብዳቤ ይዞ ከቢሮ ቢሮ የዞረ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ፊርማ ቢኖር፣ ቲተር ቢኖር፣ ክቡ ማኅተም ከሌለ ወረቀቱ ወረቀት ነው። ማኅተም የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ይህ ከእኛ የወጣ ነው።» ስለዚህ ቅርጹ አይለዋወጥም። ማንም እየተነሣ አያስቀርጸውም። መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ያድራል።

ማስኮት ደግሞ የሰፈር ልጅ ነው። ስም አለው፣ ፊት አለው። አንዱ ቤት ምሳ በልቶ ሌላው ቤት ሲጫወት ይውላል። ሁሉም «የኛ ልጅ» ይለዋል። ዛሬ ኮፍያ ቢያደርግ፣ ነገ ጋቢ ቢለብስ ያው እሱ ነው። የፔንግዊን ስቲከር ላፕቶፑ ላይ የለጠፈ ሰው የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም፤ ስለወደደው ለጠፈው።

እንግዲህ እርሳስ ከማንሣታችሁ በፊት ቡድኑ የሚመልሰው ጥያቄ ይህ ነው፦ ምኑን ነው የምንጠብቀው? ምኑንስ ነው ለሰው የምንለቀው? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ፔንግዊኑ የሊኑክስ ሎጎ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ተክስ ማስኮት ነው። እንዴት ማስኮት ሆኖ እንደቀረ ማወቁ ይጠቅማል።

በ1996 ላሪ ኢዊንግ ፔንግዊኑን ጊምፕ በተባለ የሥዕል ፕሮግራም ሣለው። የተሣለው ለሊኑክስ ሎጎ ውድድር ነበር። ሦስት ውድድሮች ተካሄዱ፤ ተክስ አንዱንም አላሸነፈም። ሰው ግን ወደደው። ያሸነፈውን ሎጎ ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው፤ ተሸናፊው ግን ይኸው ዓለምን ሞልቶታል።

ሥዕሉን ቀረብ ብላችሁ እዩት። እግሮቹን ዘርግቶ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። ሆዱ ተነፍቷል። ፊቱ ላይ የጠገበ ሰው እርካታ አለ። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ የፈለገው የሚያስፈራ ወይም የሚሮጥ ፔንግዊን ሳይሆን ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ ጠግቦ በልቶ ያረፈ ፔንግዊን ነበር። ለፔንግዊን ያለው ፍቅርም የራሱ ታሪክ አለው፤ አውስትራሊያ ካንቤራ ውስጥ አንዲት ትንሽ ፔንግዊን ነክሳኝ ነበር ይላል። ማስኮት እንዲህ ታሪክ ሲኖረው ሰው ይይዘዋል።

አሁን ደግሞ የማኅተሙን ወገን ተመልከቱ። ኢዊንግ ሥዕሉን ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲለውጠው ፈቀደ፤ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ እሱንና ጊምፕን መጥቀስ ብቻ ነው የሚፈለገው። «ሊኑክስ» የሚለው ስም ግን እንዲህ አልተለቀቀም። በ1994 አሜሪካ ውስጥ ከፕሮጀክቱ ጋር ያልተያያዘ ሰው ስሙን የራሱ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ፤ ተመዘገበለትም። ጉዳዩ ወደ ሕግ ሄዶ በ1997 ምልክቱ ለቶርቫልድስ ተላለፈ። እስካሁንም ባለቤቱ እሱ ነው። ስሙ ተቆለፈ፣ ፔንግዊኑ ተለቀቀ። ለእኔ ከዚህ የተሻለ አሠራር የለም።

ፕሮጀክታችን ገና ትንሽ ነው። በየትኛው እንጀምር?

በሎጎ። ያውም በቀላል ሎጎ። የስሙ የመጀመሪያ ፊደል በአንድ ቀለምና በንጹሕ ቅርጽ ቢሆን ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል።

ማስኮት ሰው ይፈልጋል። የሚሥለው፣ የሚለጥፈው፣ በስሙ የሚጠራው ማኅበረሰብ ከሌለ ማስኮቱ ብቻውን ይቀራል። ረስት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይፋዊ ምልክቱ እንደ ብስክሌት ጥርስ ባለው ክብ ውስጥ የተቀመጠ የላቲን ፊደል ነው። ብርቱካንማው ሸርጣን ፌሪስ የመጣው ከተጠቃሚዎቹ ነው። ካረን ረስታድ ቶልቫ ሥላው ሙሉ በሙሉ ለሕዝብ ለቀቀችው። እስካሁን ይፋዊ ያልሆነ ማስኮት ነው የሚባለው፤ ግን የትም ብትሄዱ የምታዩት እሱን ነው።

አንድ የተለየ ሁኔታ አለ። የምትሠሩት ለሕፃናት ወይም ለጀማሪ ተማሪ ከሆነ በማስኮት ጀምሩ። ስክራች በተባለው የልጆች ፕሮግራም መማሪያ ላይ ልጁ መጀመሪያ የሚያንቀሳቅሰው ድመቷን ነው። ፊደል የሚያስተምር አፕ ላይ ሕፃኑ የሚፈልገው «ጎበዝ!» የሚለው ፊት ነው፤ ማኅተም ለሱ ምኑም አይደለም።

ማስኮቱን ራሱን ሎጎ ብናደርገውስ? አንድ ሥራ ይቀንስልናል።

ይቻላል። ግን መጀመሪያ አሳንሱት። ብራውዘር ታብ ላይ የምትታየዋ ምልክት በተለመደው ልክ 16 በ16 ፒክስል ናት። በጠቅላላው 256 ነጥብ። እዚያ ውስጥ ዓይንም፣ ጅራትም፣ ፈገግታም ማስገባት ከባድ ነው።

የእኛ ላይብረሪ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደ ኢትዮጵያ የምትቀይር ናት። ጭላዳ መረጥን። አንዱ ጓደኛችን እጁ ለሥዕል የተፈታ ነው። ጎፈሩን ነፋስ እንደበተነው፣ በጣቶቹ ሣር እየነጨ አድርጎ ሣለው። ትልቁ ሥዕል ግሩም ነበር፤ እስክሪኑ ላይ ሞልቶ ሲታይ ሦስታችንም ዝም ብለን አየነው። ወደ 16 ፒክስል ስናወርደው ቡናማ ጭቃ ሆነ። ጎፈሩ የለም። ፊቱ የለም። ሣሩ የለም። የቀረው ደረቱ ላይ ያለው ቀዩ ብቻ ነው።

ጭላዳ ደረቱ ላይ ጠጉር የሌለው ቀይ ቦታ አለው። ቅርጹ እንደ አሸዋ ሰዓት መሐሉ ላይ ይጠባል። ቀን ለምትቆጥር ላይብረሪ የአሸዋ ሰዓት! ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። ቀዩን ለብቻው አውጥተን ሎጎ አደረግነው፤ ጭላዳው ማስኮት ሆኖ ቀጠለ። ሁለቱ ይተዋወቃሉ፣ ግን ሥራቸው ለየቅል ነው። ይህን መንገድ ለማንም እመክራለሁ፦ ከማስኮቱ አካል አንድ ነገር መዝዙ። ጆሮ፣ ቀንድ፣ የእግር ዱካ፣ ላባ። ያንን ሎጎ አድርጉት።

ፍሪቢኤስዲ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተምም በተመሳሳይ መንገድ ነው የሄደው። ለብዙ ዓመት የሚታወቀው ቢስቲ በሚባለው ቀይ፣ ቀንዳም ፍጡር ነበር። ዝርዝሩ ብዙ ነው፦ ሹካው፣ ጅራቱ፣ ጫማው። ሲያንስ ይደበዝዛል፣ በአንድ ቀለም ማተምም ያስቸግራል። የሥዕሉም የቅጂ መብት ያለው በፕሮጀክቱ እጅ ሳይሆን በማርሻል ከርክ ማኩዚክ እጅ ነው። በ2005 የሎጎ ውድድር አካሄዱና የአንቶን ጉራል ሥራ ተመረጠ፤ ሁለት ቀንድ ያላት ቀይ ኳስ ናት። ቀንዱ ከቢስቲ መጣ፣ የቀረው ሁሉ ተራገፈ። ቢስቲ ግን አልተባረረም፣ ማስኮት ሆኖ ቀረ።

ጎ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም በ2009 ይፋ ሲሆን ረኔ ፍሬንች የሣለችውን ጎፈር ይዞ ነበር የወጣው፤ ጎፈር ጉድጓድ የሚምስ አይጥ መሰል እንስሳ ነው። በ2018 ቋንቋው ፍጥነትን የሚያሳዩ መስመሮች ያሉት የፊደል ሎጎ ሲያወጣ ጎፈሩ በማስኮትነቱ ቀጠለ።

ማስኮቱን ሎጎ አድርገው የተሳካላቸውም አሉ። የጊምፕ እንስሳ ዊልበር አለ። ዶከር የተባለው የፕሮግራም ማሸጊያ መሣሪያ ዓሣ ነባሪ ኮንቴይነር ተሸክሞ ይታያል። የኮድ ማከማቻው ድረ ገጽ የጊትሃብ ኦክቶካት ግማሹ ድመት፣ ግማሹ ኦክቶፐስ ነው፤ ጆሮውና የኦክቶፐስ እግሩ በጥቁር ጥላ ብቻ ይለያል። የሚያመሳስላቸው ነገር ጥላቸው መታወቁ ነው። እናንተም ሥዕሉን በሙሉ ጥቁር ቀቡትና ለማያውቀው ሰው አሳዩት። ምን እንደሆነ ከነገራችሁ አልፏል።

እንስሳው ምን ይሁን?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። እንስሳ በየአገሩ የተለያየ ትርጉም አለው። ጉጉትን ውሰዱ። ምዕራባውያን ዘንድ የጥበብ ምልክት ናት፤ ለቤተ መጻሕፍትና ለትምህርት ሶፍትዌር ሁሉ ያደርጓታል። እኛ ዘንድ ሌሊት ቤት ጣሪያ ላይ ስትጮህ «ምን ልታሟርት ነው?» የሚል እናት አለ። የገጠር ተማሪ የሚጠቀምበት አፕ ላይ ጉጉት ብታስቀምጡ ዲዛይነሩ ያሰበውና ተማሪው ያየው አይገናኝም።

እባብም እንደዚያው ነው። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስሙን ያገኘው ከእንግሊዝ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ነው፤ ሎጎው ላይ ያሉት ሁለቱ እባቦች ግን የማይቀሩ ሆኑ። የአገራችን ሰው «እባብን ልቡን አይቶ እግር ነሳው» ሲል የኖረ ነው። ደግነቱ ሎጎው እባቦቹን ክብና ለስላሳ፣ ሰማያዊና ቢጫ አድርጎ አቀለላቸው፤ ብዙ ሰው እባብ መሆናቸውን የሚያስተውለው ከቆየ በኋላ ነው።

ቢስቲ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። ዩኒክስ በተባለው የኦፕሬቲንግ ሲስተም ዓለም ዲመን ማለት ከጀርባ ሆኖ ዝም ብሎ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ለሚያውቀው ሰው ሥዕሉ የቃል ጨዋታ ነው። ለማያውቀው ግን ቀንድና ሹካ የያዘ ሰይጣን ነው። ሰርቨር ክፍል ውስጥ ፖስተሩን የለጠፈ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ለሆነ ወይም ሶላቱን ለማያዛንፍ ባልደረባው ሲያስረዳ ሊውል ነው። ለአገራችን ሰው የሚሆን ፕሮጀክት እንዲህ ያለ ማብራሪያ የሚጠይቅ መልክ እንዲይዝ አልመክርም።

ዝሆን የትም አያጣላም። ለዚህም ይመስለኛል የበዛው። የመረጃ ቋቱ የፖስትግሬስኪውኤል ማስኮት ስሎኒክ ዝሆን ነው፤ ስሙ በሩስያኛ ትንሽ ዝሆን ማለት ነው። የፒኤችፒ ቋንቋም ማስኮት ዝሆን ነው። ብዙ መረጃ የሚያስተናግደው ሀዱፕ ስሙንም ዝሆኑንም ያገኘው ከፈጣሪዎቹ አንዱ ከሆነው ከዳግ ካቲንግ ልጅ ቢጫ የአሻንጉሊት ዝሆን ነው። የማኅበራዊ መረቡ የማስቶዶን እንስሳም የዚያው ዘር ነው። ውጤቱን ግን አስቡት፦ ሌላ ዝሆን ይዛችሁ ብትመጡ ማን ያስታውሳችኋል?

ወደ ራሳችን እንስሳት ስንመጣ ምርጫው ሰፊ ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉ ግን ቦታው ተይዟል። ዋልያ ብሔራዊ ቡድኑም ቢራውም ነው። ኒያላ ኢንሹራንስ አለው። አንበሳ አውቶቡሱም ባንኩም ነው። ቀይ ቀበሮ ቆንጆ ነው፤ ግን ብርቱካንማ አድርጋችሁ ጅራቱን ስትጠቀልሉት ፋየርፎክስ የተባለውን ብራውዘር የቀዳችሁ ይመስላል። ጭላዳ ክፍት ሆኖ ያገኘነው በዚህ ማጣራት ነው። አሁንም ክፍት የሆኑ አሉ፦ ጃርት፣ ኤሊ፣ እስስት፣ ቁራ፣ ፍልፈል። ከመወሰናችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር አድርጉ። ስሙን በአማርኛ ጮክ ብላችሁ ጥሩት፤ ስድብ ሆኖ ከተሰማ ተዉት። አህያ የቱንም ያህል ሠራተኛ ብትሆን «አህያ» ተብሎ መጠራት የሚፈልግ ፕሮግራመር የለም። ከዚያ የእንስሳውን ኢሞጂ ፈልጉ። ሸርጣን፣ ፔንግዊንና ዝሆን ኢሞጂ አላቸው። የረስት ሰዎች ቴሌግራምም ይሁን ሌላ ቦታ አንዲት ሸርጣን ጣል ካደረጉ መልእክቱ አለቀ። የጎ ሰዎች ይህ የላቸውም።

በራሳችን ፊደል ሎጎ መሥራት ይቻላል?

በደንብ! ብዙ ሰው የላቲን ፊደል ብቻ «ዓለም አቀፍ» ይመስለዋል። ለማያነበው ሰው የግዕዝ ፊደል ንጹሕ ቅርጽ ነው፤ ለሎጎ ደግሞ የሚፈለገው እሱ ነው። ለሚያነበው ሰው በተጨማሪ ድምፅ አለው።

ግን ፊደሉን ምረጡ። ሀ፣ በ፣ ሰ፣ ረ፣ ተ በትንሽ መጠን ይቆማሉ። ጬ፣ ኟ፣ ጿ በ16 ፒክስል ይጨማለቃሉ፤ ቅጥያዎቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። የፕሮጀክቱ ስም በ«ጨ» የሚጀምር ከሆነ ፎንቱ ላይ አትተማመኑ፤ ቅርጹን በእጃችሁ አቅልላችሁ ሣሉት። ከፎንት የምትነሡ ከሆነም ፈቃዱን እዩ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል በኦፕን ፎንት ላይሰንስ የተለቀቁ ስለሆኑ ለሎጎ አያሰጉም። ከየትም የተገለበጠ ፎንት ግን ባለቤት ሊኖረው ይችላል።

ኮዱ ክፍት ከሆነ ሎጎውም ክፍት አይደለም?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሁለት የተለያዩ መብቶች አሉ። ሥዕሉ ላይ የቅጂ መብት አለ። ሰው ምልክቱን አይቶ «ይህ የእነሱ ነው» ማለቱ ላይ ደግሞ የንግድ ምልክት አለ። የኮዱ ላይሰንስ ሁለቱንም በራሱ አይፈታም።

የፋየርፎክስና ሊኑክስን አዘጋጅቶ የሚያከፋፍለው የዴቢያን ፕሮጀክት ጉዳይ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የፋየርፎክስ ኮድ ነፃ ነበር፤ የሎጎው ሥዕል ግን በዚያን ጊዜ በነፃ ላይሰንስ አልተለቀቀም። ዴቢያን በራሱ ደንብ ነፃ ያልሆነ ነገር አያስገባም። ስለዚህ ስሙን ይዞ ሥዕሉን ተወ። በ2006 የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ «ስሙን ከተጠቀማችሁ ሎጎውም አብሮ ይሂድ፤ የምትቀይሩትንም እንየው» አለ። ዴቢያን አልተስማማም፤ ብራውዘሩን አይስዊዝል ብሎ ሰየመው። ያው ኮድ፣ ሌላ ስም፣ ሌላ ሥዕል። እስከ 2016 ለአሥር ዓመት እንዲሁ ቆየ።

ዴቢያን ራሱ ከ1999 ጀምሮ ሁለት ሎጎ ይዟል። ጥምዝምዟ ብቻዋን ለሁሉም ክፍት ናት። ጠርሙስ ያለው ሥሪት ግን ለይፋዊ ነገር ብቻ ነው። ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ቅጂውን ለሕዝብ እንደመስጠት ነው።

ማስኮት ላይ ግን እጃችሁን ፍቱ። የጎ ጎፈር በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ወጥቷል፤ የሣለችውን ሰው ስም ጠቅሶ መለወጥ ይቻላል። ከሁሉ የሚያስደስተኝ የድረ ገጽ መሥሪያው የዎርድፕሬስ ማስኮት ዋፑ ነው። ዎርድፕሬስ የሚለው ስምና ክብ ሎጎው በፋውንዴሽኑ እጅ ተጠብቀዋል። ዋፑ ግን በ2011 ከጃፓን ማኅበረሰብ ወጣ። ካዙኮ ካኔኡቺ ሣለችው፣ እንደ ዎርድፕሬስ ራሱ ጂፒኤል በተባለው የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ የሚያዘጋጅ ከተማ የራሱን ዋፑ ይሥላል፤ የአገሩን ልብስ ያለብሰዋል፣ የአገሩን ምግብ ያስይዘዋል። ማንም አላዘዛቸውም።

የእኛን ጭላዳ የማናውቀው ተማሪ ነጠላ አልብሶ፣ አደይ አበባ አስይዞ ለእንቁጣጣሽ ስቲከር እንዳደረገው ያየን ዕለት የተሰማኝን ለመግለጽ ቃል ያንሰኛል። ፈቃድ ቢጠየቅበት ኖሮ ያ ሥዕል አይኖርም ነበር።

መቆለፉ ከመጠን ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ደግሞ የረስት ፋውንዴሽን በ2023 አይቶታል። ያወጣው የንግድ ምልክት ደንብ ረቂቅ ስሙንና ሎጎውን በጣም አጠበቀ ተብሎ ማኅበረሰቡ ተቆጣ፤ ፋውንዴሽኑም ይቅርታ ጠየቀ። ሸርጣኑ ግን ቀድሞ የተለቀቀ ስለነበር ማንም አልነካውም።

አገር ውስጥ ሎጎውን ማስመዝገብ ከፈለጋችሁ የሚሠራበት ሕግ የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የ1998 ነው። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳል። ለትንሽ ፕሮጀክት ቶሎ አያስፈልግም። ሪፖው (የፕሮጀክቱ የኮድ ማከማቻ) ውስጥ አንድ አጭር ፋይል ግን ዛሬውኑ ጨምሩ፦ ሎጎውን ማን፣ ለምን መጠቀም እንደሚችል፤ ማስኮቱ በየትኛው ፈቃድ እንደተለቀቀ፤ ማን እንደሣለው።

ከኢንተርኔት ያገኘነውን ሥዕል ብንጠቀምስ?

አይሆንም። ኦክቶካት መጀመሪያ ሳይመን ኦክስሊ አይስቶክ በተባለ የሥዕል መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ለሽያጭ ያስቀመጠው ሥዕል ነበር። የአይስቶክ ፈቃድ ሥዕሉን ሎጎ ማድረግ አይፈቅድም። ጊትሃብ ሎጎ ሊያደርገው ሲፈልግ ከሠዓሊው ጋር ተደራድሮ መብቱን ሙሉ በሙሉ ገዛ። ማለትም «ከፍዬ አውርጄዋለሁ» ማለት እንኳ አይበቃም።

የፐርል ፕሮግራም ቋንቋ ግመልም አለ። ኦራይሊ የተባለው አሳታሚ በ1991 በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ግመል አወጣ፤ ሰው ቋንቋውን በግመሉ ለመደው። ምልክቱ ግን የአሳታሚው ነው። የፐርል ፋውንዴሽን የራሱ ምልክት ያደረገው ሽንኩርት ነው።

በኤአይ የተሠራ ሥዕልም ቢሆን ችግር አለው። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ሰው ያልፈጠረውን ሥዕል አይመዘግብም። ለማስኮት ምናልባት አያስጨንቅ ይሆናል፤ መጠበቅ ለምትፈልጉት ሎጎ ግን መሠረቱ የላላ ነው።

በውድድር እንምረጥ?

እኔ አልወድም። ሠላሳ ሠዓሊ ይለፋል፣ አንዱ ይመረጣል፣ ሃያ ዘጠኙ ባዶ እጁን ይሄዳል። እኛ አገር ደግሞ ሠዓሊ «ለልምድ ያህል ሥራልን» መባል ሰልችቶታል። ለኮድ ጸሐፊ ክብር እየሰጡ ለሠዓሊ መንፈግ ነውር ነው። ገንዘብ ካላችሁ ክፈሉ። ከሌላችሁ እንደ ማንኛውም አስተዋጽዖ አድራጊ ስሙን ከኮድ ጸሐፊዎቹ ጋር እኩል ጻፉ።

ለማስኮት ሲሆን ውድድር ይበልጥ ያሰጋል፤ ምክንያቱም ሰው በልቡ ይከራከራል። ሊብረኦፊስ የተባለው የቢሮ ሥራ ፕሮግራም በ2017 የማስኮት ውድድር ከፍቶ ነበር። ክርክሩ በዛና ያለ ማስኮት ተጠናቀቀ። የግድ ድምፅ ከሰጣችሁ ሦስት የታሰበባቸው ንድፎች አቅርቡ፤ በሩን ወለል አታድርጉት።

ለስም ግን ውድድር ያምራል። የመረጃ ቋቱ የማይኤስኪውኤል ዶልፊን ስም የተመረጠው ተጠቃሚዎች ከላኩት ብዙ ስም መካከል ነው። ያሸነፈው ሳኪላ ከአፍሪካ፣ ከኢስዋቲኒ የመጣ ነው። ስም ለመላክ እጅ አይደክምም፣ ሥራም አይባክንም።

ማስኮት ፕሮጀክቱን የልጆች ጨዋታ አያስመስለውም?

አያስመስለውም። ትልልቅ ድርጅቶች መረጃቸውን የሚያስቀምጡት ዝሆን ላይ፣ ሰርቨራቸውን የሚያስነሡት በጠገበ ፔንግዊን ነው። ለደብዳቤና ለፕሮፖዛል ሎጎውን ተጠቀሙ፤ ማስኮቱን ለስቲከር፣ ለቲሸርትና ለስህተት ገጽ። በቃ።

ምን ምን ፋይል ማዘጋጀት አለብን?

ሎጎውን በኤስቪጂ፤ ሲያሳድጉት አይበላሽም። በአንድ ቀለም ብቻ የተሠራ ሥሪት፤ ፎቶኮፒ ላይ መታየት አለበት። ለጨለማ ስክሪን የሚሆን ሥሪት። ለታብ 16 እና 32 ፒክስል፤ እነዚህን ኮምፒውተሩ ብቻ እንዲያሳንሳቸው አትተዉ፣ በእጅ አስተካክሏቸው። ሪፖው በሊንክ ሲላክ ለሚታየው ምስል ጊትሃብ የሚመክረው ልክ 1280 በ640 ፒክስል ነው። ለማስኮቱ ደግሞ የተጠናቀቀውን ምስል ብቻ ሳይሆን የሥራ ፋይሉን ከነሌየሩ አስቀምጡ። ሰው ልብስ የሚቀይርለት በዚያ ነው።

በኋላ ብንለውጠውስ?

ሎጎን አልፎ አልፎ ማደስ ይቻላል። ኔትቢኤስዲ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የኮምፒውተር ክምር ላይ ባንዲራ የሚተክሉ ዲመኖች ያሉበትን የተወሳሰበ ሥዕሉን በ2004 ትቶ ቀላል ባንዲራ አደረገ። የቀድሞው ሎጎ ሰነድና ስላይድ ላይ ለዓመታት እንደሚቆይ ግን ቁጠሩት። ስለዚህ በዓመት በዓመቱ አትለውጡ።

ማስኮትን ግን አትለውጡ፤ ልብስ ቀይሩለት። በ2009 የሊኑክስ 2.6.29 ሥሪት ሲወጣ በተክስ ቦታ ተዝ የሚባል የታዝማኒያ ዴቭል ተቀመጠ። ይህ እንስሳ አውስትራሊያ ውስጥ ፊቱ ላይ በሚወጣ ካንሰር እያለቀ ነበር፤ ለውጡ የተደረገው ሰው እንዲያውቅለት ነው። ተዝ ቢጫ የፔንግዊን ምንቃር በክር አፉ ላይ አስሮ ቁጭ ብሏል። በሚቀጥለው ሥሪት ፔንግዊኑ ወደ ቦታው ተመለሰ።